ወንዱ አይጥ የትኛው ነው?

ሰው ሁሉ ተነስቶ ተራመድ፣ ተራመድ ይላል። መራመድ እንዲህ ቀላል ከሆነ በሬ ለምን ጅራፍ ያስፈልገዋል?

እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው ያሳለፍኩት፤ አሁን ልቀመጥ ብል ነውር ነው እንዴ? ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትመታው ግድግዳ ሥር አንዲት ወንበር አለችኝ። በርኖሴን ደርቤ እቀመጥባታለሁ። ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሯን አዞራለሁ። ይሄም እኮ እንቅስቃሴ ነው፤ ግን ማን ይቆጥርልኛል!

ጣጣው የመጣው ከጤና ጣቢያ ነው። ሲስተሯ ክንዴን በዚያ በሚነፋ ጨርቅ አስራ ጨመቀችኝ፣ ጣቴን ወጋችኝ፣ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ከዚያ እኔን ትታ ባለቤቴን አየቻት። ልብ በሉ፣ ሐኪም በሽተኛውን ትቶ ሚስቱን ካየ ነገር አለ። ግፊትም ስኳርም አለባቸው አለቻት። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ከሁሉም በላይ ግን በየቀኑ ይራመዱ። ባለቤቴ አስካለ፣ ባይራመዱስ ብላ ጠየቀች። ሲስተሯ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ከመርፌው የበለጠ አመመኝ።

የአስካለ ታላቅ ወንድም ያረፈው በዚሁ በሽታ ነው። ያውም ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቁርሱን እየጠበቀ። ስለዚህ የሲስተሯ ዝምታ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድ ቃል ነገሠ። «ተነሳ!» ቁርስ ሳልበላ ተነሳ፣ በልቼ ተነሳ፣ ተነስቼ ቆሜ እያለሁ ተነሳ።

አትፍረዱብኝ፣ ሞክሬአለሁ። በመጀመሪያው ቀን በማለዳ በርኖሴን ደርቤ፣ ዘንጌን ይዤ የሚካኤልን ዳገት ተያያዝኩት። ጎረቤቴ ደምሴ አጥሩ በር ላይ ቆሟል። ደምሴ የበግ ነጋዴ ነው፤ ስለ እሱ ኋላ እነግራችኋለሁ።

«ወዴት ነው መምህር በጠዋቱ?»

«ወዲያ ድረስ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልመለስ።»

የደምሴ ፊት ተለዋወጠ። እንዴት አይለዋወጥ! መንዝ ውስጥ ሰው ያለ ጉዳይ አይራመድም። ገበያ ይሄዳል፣ ቤተክርስቲያን ይሄዳል፣ በግ ጠፍቶበት ይሄዳል፣ ተከሶ ይሄዳል። ለመመለስ ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም። በማለዳ በርኖስ ደርቦ፣ የሚሄድበትን ሲጠይቁት የሚያድበሰብስ ሽማግሌ ደግሞ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ መርዶ ሊነግር ነው።

እኔ ይሄን መች አሰብኩ? እያለከለክሁ ወጣሁ። ግማሽ ዳገት ላይ ዞር ብል ደምሴ ከኋላዬ ራሱን እየነቀነቀ ይከተለኛል። ከእሱ ኋላ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ማልቀስ ጀምረዋል። የባሰው ግን ከላይ ነበር። ልጇ ሩቅ አገር ያለባት አንዲት እናት ወደ ቤቷ አቅጣጫ ስመጣ ባየችኝ ጊዜ የያዘችውን ጀሪካን ለቃ ደረቷን ያዘች። እየሮጥኩ፣ ማንም አልሞተም፣ ሐኪም አዞኝ ነው አልኳት። በዚያ ቀን የሮጥኩት በሕይወቴ ለመጨረሻ ጊዜ ይመስለኛል። ሴትዮዋ ትንፋሿ ሲመለስ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ለሐኪሙ ብለህ እኛን ግደለን እንግዲህ!»

በማግስቱ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ስድስት ወር ሙሉ ከዚያች ወንበር አልተነሳሁም። አስካለ ተነሳ ትላለች፤ እኔ ሰው አስደነግጣለሁ እላለሁ። ግን ሰበቡ እያረጀ ሄደ። አዲስ ሰበብ ያስፈልገኝ ነበር፤ እግዜር ይስጣት ሰላማዊት ይዛልኝ መጣች።

ሰላማዊት አስተምሬአት የነበረች ልጅ ናት። አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጥ ላይ ምርምር ትሠራለች። እናቷ ግን እንዲህ አትልም። «በግ ጠባቂ እንዳትሆንብኝ ብዬ ባስተምራት አይጥ ጠባቂ ሆና ቁጭ!» ነው የምትለው። ለፋሲካ ቤተሰቧን ልትጠይቅ መጥታ እኔም ዘንድ ጎራ አለች። ምን ትሠሪያለሽ ብላት የማላውቀውን ጉድ ነገረችኝ።

አይጧ ጎጆ ውስጥ ትንሽ መዘውር ይሰቀልላታል። ማንም አያስገድዳትም። ማንም ተነሺ አይላትም። ደስ ካላት ወጥታ ትሮጣለች፣ ካላላት ትተኛለች። ታዲያ በራሷ ፈቃድ ስንት ትሮጣለች? ሰላማዊት የምትቆጥረው ይሄን ነው። አያችሁ፣ ወንዱና ሴቷ እኩል አይሮጡም። በአብዛኛው ሴቶቹ ይበልጣሉ። ወንዱ ጥቂት ዞር ዞር ብሎ ይወርዳል፤ ሴቷ ትቀጥላለች። ያውም በየአራት አምስት ቀኑ፣ ወንድ የምትፈልግበት ቀን ሲደርስ፣ ሩጫዋ ይብስባታል።

ለምን? ነገሩ ሆርሞን ነው። የሴቷን የእንቁላል ዕጢ ሲያወጡባት ኤስትሮጅን የሚባለው ይቀንስና መዘውሩን ትታ ትቀመጣለች። ኤስትሮጅኑን መልሰው ሲሰጧት ተነስታ ትሮጣለች። ወንዱም ሲኮላሽ ሩጫው ይቀንሳል። የሚገርመው ግን ወንዱን የሚያስሮጠው የራሱ ቴስቶስትሮን እንዳለ ሆኖ አይደለም፤ ሰውነቱ ውስጥ ወደ ኤስትሮጅን እየተለወጠ ነው በዋናነት የሚያስነሳው። ይህን ለደምሴ ብነግረው ቆሎውን እየቆረጠመ እንዲህ አለኝ። «ወንድን ከተቀመጠበት የሚያስነሳው የሴት ነገር ነው ለማለት ነው ይሄን ያህል የተማሩት? ይሄንንማ ሚስቴ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀዋለች።»

እውነቱን ነው እኮ። የመንዝ ሰው ሆርሞንን ከዱሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስሙን ነው የማያውቀው። ደምሴ ሻለቃ የሚሉት አውራ በግ ነበረው። ሻለቃ አጥር አያውቅም፣ ድንበር አያውቅም። ዛሬ እዚህ ታየ ሲባል ነገ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ላይ የሰው መንጋ ውስጥ ይገኛል። ደምሴ በፍለጋ እግሩ ቀጠነ። በመጨረሻ ያዘውና በድንጋይ ቀጥቅጦ አኮላሸው። ከዚያ ወዲያ ሻለቃ በሩ ተከፍቶለት እንኳ አይወጣም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይበላል። በዓመቱ ላቱን መሸከም አቅቶት ሲቆም ሲቀመጥ ሙክት ሆኖ ተሸጠ። ይሄ ሆርሞን ካልሆነ ምንድነው?

እንግዲህ አስቡት፤ ወንድ ልጅ ስልሳ ሲያልፍ ቴስቶስትሮኑ ይቀንሳል። ተፈጥሮ ራሷ ደምሴን ሆና ትመጣለች ማለት ነው፤ ያለ ድንጋይ። ታዲያ እኔ ሰነፍ ነኝ ወይስ የተፈጥሮ ሕግ አክባሪ? ሰላማዊት ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ቲቸር፣ ሰው ግን አይጥ አይደለም፣ እሺ?» ብላኝ ነበር። ሌላም ነገር ብላኝ ነበር፤ ያረገዘች አይጥ መሮጥ ትቀንሳለች የሚል። እሱን ለእኔ ስለማይጠቅመኝ አልያዝኩትም።

ማታውኑ ግኝቱን ለአስካለ አቀረብኩ። የወንድ ተፈጥሮው መቀመጥ ነው፤ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ከእንግዲህ ተነሳ ማለት ተፈጥሮን መቃወም ነው አልኳት። እንዝርቷን ሳታቆም አዳመጠችኝ።

«የሰላማዊት አይጥ ቀለብ ተሰፍሮላት፣ ሥራ ፈትታ ነው» አለች። «ገብሴን የምትሰርቀዋን የእኛይቱን አምጥተህ አስሩጥልኝና አምንሃለሁ።»

በዚያው ተወራረድን። አምስት ቀን ይታይ። ሴቷ አይጥ ከወንዱ ከበለጠች አስካለ ተነሳ የሚለውን ቃል ዳግመኛ ከአፏ ላታወጣ፤ ወንዱ ከበለጠ ወይም እኩል ከሆኑ እኔ በየማለዳው ሚካኤል ዳገት ደርሼ ልመለስ፣ እስከ ዕድሜ ልኬ። ዕድሜ ልክ የሚለውን ያስገባችው እሷ ናት። ስታስገባው እንዝርቷን አቆመች፤ እኔ ግን የማሸነፌ ነገር ስላስደሰተኝ ልብ አላልኩትም።

አይጥ መያዙ አልከበደንም። የድሮ የጠላ ጋን ውስጥ ጭብጥ ቆሎ ጨምረን ጎተራው ሥር አኖርነው። በነጋው ሁለት አይጦች ገብተው መውጣት አቅቷቸው አገኘን። ልትሞት ያሰበች አይጥ የድመት አፍንጫ ታሸታለች፤ ለመማር ያሰበች ደግሞ መምህር ቤት ትገባለች። ቆርቆሮ ሠሪው ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ሁለት ሳጥንና ሁለት መዘውር ሠራልኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ሒሳቡን እንኳ ሊቀበለኝ አልፈለገም፤ ያዘነልኝ መሰለኝ።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ወንዱ የትኛው ነው? አሁን የምነግራችሁን ለማንም እንዳትነግሩብኝ። እኔ የባዮሎጂ መምህር፣ አይጥን ከነአንጀቷ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል የኖርኩ ሰውዬ፣ አይጥ እፈራለሁ። በሕይወቴ በእጄ ነክቻት አላውቅም። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ባለሙያ ጠራሁ።

ደምሴ በሞላሌ ገበያ የታወቀ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የበጉን ወገብ ይዳብሳል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ከዚያ ይሄ ሙክት ነው፣ ይሄ ጠቦት ነው፣ ይሄ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ የመጣ ሌባ ነው ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። መጥቶ እጅጌውን ሰበሰበ። አንደኛዋን አይጥ አንስቶ ወገቧን ዳበሰ፣ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘናት።

«ይሄ ወንድ ነው። እንዴት ሰብቷል ባክህ! ዝም ብሎ ተኛልኝ እኮ።»

ሁለተኛይቱ ቀጭን ናት፤ እጁን ነክሳ ልታመልጥ ተንፈራገጠች።

«ይቺ ሴት ናት» አለ ጣቱን እየጠባ። «አነካከሷን አታይም?»

እኔ መጽሐፍ አገላብጬ፣ መነጽሬን አድርጌ ማየት እችል ነበር። አላየሁም። ለምን አያለሁ? የተኛውና የሰባው ወንድ፣ የምትቅበጠበጠው ሴት መሆኗ ለእኔ ጉዳይ ይስማማል። በግ ላይ የማይሳሳት እጅ አይጥ ላይ ምን ያሳስተዋል ብዬ ተቀበልኩ።

መቁጠሪያውን የሠራሁት በአስካለ ፈትል ነው። ከመዘውሩ ዘንግ ላይ የክሩን ጫፍ አስሬ ልቃቂቱን ከውጭ አስቀመጥኩ። አይጧ በሮጠች ቁጥር ክሩ ይጠመጠማል። አይጥ በሌሊት እንጂ በቀን አትሠራም፤ ስለዚህ እኛ ተኝተን እናድራለን፣ ጠዋት ክሩን ፈትቼ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ በክንዴ እለካለሁ። የመንደሩ ሴቶች ሲያልፉ፣ መምህር ፈትል ጀመረ ወይ እያሉ ይስቁብኛል። ሳይንስ ስድብ ያመጣል።

ውጤቱ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ቀጭኗ በመጀመሪያው ሌሊት ልቃቂቱን ጨርሳው አደረች። በሁለተኛው ትልቅ ልቃቂት ሰጠናት፤ እሱንም ጨረሰችው። ወንዱስ? ሦስት ክንድ። በማግስቱ ሁለት ክንድ። ከዚያ በኋላ ምንም። ከገብስ ገለባው ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ይነሳና ቆሎውን ይበላል፣ ተመልሶ ይተኛል። እኔ እንደዚያ የተግባባሁት ፍጡር የለም። ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን ከወንበሬ ጎን አስቀምጬ አብረን ፀሐይ እንሞቅ ነበር። አይዞህ፣ ተፈጥሮህ ነው እለዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ክሩን ደጃፍ ላይ ዘረጋሁት። የሴቷ ከበሩ እስከ አጥሩ ተመላልሶ አላልቅ አለ። የወንዱ የወንበሬን እግሮች አንድ ዙር ዞሮ አለቀ። አስካለ ቆማ አየች። ምንም አልተከራከረችም። ክሯን ሰብስባ፣ «እሺ፣ አሸንፈዋል» ብላ ገባች።

አሸንፈዋል! ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አስካለ ስትወደኝ አንተ ትለኛለች፣ ስትቀየመኝ አንቱ። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳራችን አንቱ የተባልኩባቸውን ቀኖች በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ።

ቃሏንም ጠበቀች። ተነሳ የሚለው ቃል ከቤቱ ጠፋ። ምግቤን ወንበሬ ድረስ ታመጣለች። ማስታጠቢያውን ይዛ ትመጣለች። ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሬን ራሷ ልታዞርልኝ ትመጣለች። «ይበሉ»፣ «ይጠጡ»፣ «በርኖስዎን ይደርቡ»። ልክ ለመጨረሻ ጊዜ እንደምትንከባከበኝ! ስድስት ወር ሙሉ በሆነልኝ ያልኩት ሰላም ሲመጣ በረደኝ። ለካ ቤቱን የሚያሞቀው ያ ሁሉ ተነሳ ተነሳ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኔን ስገልጥ አጥሩ ላይ ጥቁር ቀሚስ ተሰጥቷል። አወቅኩት። ለወንድሟ ለቅሶ ለብሳው የነበረው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከታው ነበር። አጥባ፣ አስጥታ፣ እጅጌውን እያቃናች ነው።

«ማን ሞተ?» አልኳት ደንግጬ።

«ማንም። ብል እንዳይበላው ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን አስወጣው?»

ዘወር ሳትል መለሰችልኝ። «ወንድሜ የሞተ ጊዜ የሰው ቀሚስ ተውሼ ነው ቀብር የወጣሁ። ሁለተኛ እንደዚያ አልሆንም። እኔ መለመን ደክሞኛል መምህር። እርስዎም ደስ ብሎዎት ይቀመጡ፣ እኔም ልብሴን ላዘጋጅ።»

ፈራሁ። እንደማንኛውም ሰው ሞትን ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አፈርኩ። ይቺ ሴት የምትሟገተው ስለ አይጥ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። መነሳት ነበረብኝ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በሳይንስ ያሸነፍኩትን በቀሚስ ልሸነፍ? ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወንድሜን፣ አይጡን፣ አየሁት። ተኝቷል። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት የሆነ ቀጭን ሲጥሲጥታ ሰማሁ። ከወንዱ ሳጥን ነው። ጎንበስ ብዬ ገለባውን በዘንጌ ጫፍ ገለጥ ባደርገው፣ ጥፍር የሚያካክሉ ቀያይ ነገሮች ይላወሳሉ። ቆጠርኳቸው። ስድስት ናቸው። ወንዱ አጠገባቸው ተዘርግቶ ያጠባል።

በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አላየሁም።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ልናዘዝላችሁ። አስካለ ሳታይ ሳጥኑን ወደ ጎተራው ወስዶ መክፈት። ወንዱ አመለጠ ማለት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ ሳምንት ቢያልፍ ማን ያስታውሰዋል? እጄን ስሰድ ግን አንድ ነገር አየሁ። ገለባው መሐል ነጭ ብዝት ጥጥ ተጎዝጉዟል። አይጥ ከየት አምጥታ ጥጥ ትጎዘጉዛለች? ቀና ስል አስካለ በሩ ላይ ቆማለች። ከእኔ በፊት ተነስታ አይታ፣ ጥጥ አልብሳ፣ መምጣቴን ስትጠብቅ ኖራለች።

«እንኳን ማርያም ማረችው» አለች ወደ ሳጥኑ እያየች። «ወንድዬው እኮ በሰላም ተገላገለ!»

የሰደድኩትን እጄን ሰበሰብኩ።

«እሷስ ተኝታ ስድስት ወለደች» አለችኝ። «አንተ ስድስት ወር ተኝተህ ምን ወለድክ?»

ልብ አላችሁ? አንተ ነው ያለችኝ። ስድቡ ውስጥ ያችን ቃል ስሰማ እንባዬ መጣ፤ ከፀሐይዋ አስመስዬ ጠረግኩት።

መምህር ግን መምህር ነው፤ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። ለሰላማዊት ደወልኩላት። የሆነውን ስነግራት እስኪበቃት ሳቀች። ማን ነው ወንድና ሴት የለየልዎት ስትለኝ፣ የበግ ነጋዴ ነው አልኳት፤ እንደገና ሳቀች። ከዚያ፣ ያረገዘች አይጥ መሮጥ ትቀንሳለች ብዬዎት ነበር እኮ ቲቸር፣ የሌላኛዋንስ አይታችኋል ወይ ብላ አለያየቱን ነገረችኝ። ከጅራቷ ሥር ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ተራርቀው ከሆነ ወንድ፣ ከተቀራረቡ ሴት። ይኸው ነው። ይሄን እኔው ራሴ ሳላስተምራት አልቀርም።

መነጽሬን አደረግኩ። ቀጭኗን አስካለ በጅራቷ አንጠልጥላ ያዘችልኝ፤ እኔ ከአንድ ክንድ ርቀት አየሁ። ተቀራርበዋል። እሷም ሴት ናት!

ዘለልኩ። ስድስት ወር ያልተንቀሳቀሰ ሰው ዘለለ። «አስካለ! ሳይንሱ አልተሳሳተም! ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ያላረገዘችው ሮጠች፣ ያረገዘችው ተኛች፣ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው። ወንድ በውድድሩ አልተሳተፈም። ስለዚህ ውርርዱ ፈርሷል፤ አንቺም አላሸነፍሽ፣ እኔም አልተሸነፍኩ።»

አይጧን ቀስ ብላ ሳጥኗ ውስጥ መለሰቻት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ወንድማ ተሳትፏል እንጂ» አለች። «አምስት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሴት ፈትል ሲለካ የነበረው ማን ሆነና?»

ወዳጆቼ፣ ዘንጌን አነሳሁ።

ደምሴ ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ ጥፋቱን አይጧ ላይ ጫነው፤ በግ ብትሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር ይላል። አራሷንና ልጆቿን፣ ቀጭኗንም ጨምረን፣ ዓይን ሲገልጡ ከመንደሩ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ ለቀቅናቸው፤ በሳምንቱ ጎተራው ሥር ድምፅ እሰማለሁ፣ ተመልሰዋል መሰለኝ። አስካለ አላየሁም ትላለች። ጥቁሩ ቀሚስ ወደ ልብስ ሳጥኑ ተመልሷል።

እኔ በየማለዳው የሚካኤልን ዳገት እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ዛሬም መንገድ ላይ የማያውቀኝ ሰው ሲገጥመኝ በርኖሴን አይቶ፣ ዘንጌን አይቶ ይደነግጣል። ነጠላዋን ለማዘቅዘቅ እጇን የምትሰድ አትጠፋም። ትናንት አንድ ከቀየት የመጡ አዛውንት ቆባቸውን አውልቀው መንገድ ለቀቁልኝና በሐዘን ድምፅ ጠየቁኝ።

«ማን ሞተ ልጄ?»

«እስካሁን ማንም» አልኳቸው። «ለዚያ ነው የምሄደው።»